ድምፁ የወጣበት

ከሰዓት ጉም ወርዶ፣ ከፒኮ ተራራ ወገቡ ብቻ ሲቀር፣
አባቴ ስክሪኔ ላይ፣ ባረጀ ሹራቡ፣ ያወራ ነበር።
ያወራል፣ ይስቃል፣ እጁን ያወናጭፋል፣
ከንፈሩ ይከፈታል፣ ከንፈሩ ይዘጋል፤
ጆሮዬ ላይ ግን
ምንም።

አረንጓዴው መስመር ከፍ ዝቅ ይላል፣ «አለሁ» እያለ፣
ሞገዱም ተስሏል፣ እንደ መጋዝ ጥርስ እየሾለ፤
ማሽኑ ይምላል፣ ድምፅ አለ፣ ድምፅ አለ፣
ማዳመጫዬ እንደ ተያዘ ሌባ ዝም አለ።

ጀመርኩ ከገመዱ። ነቀልኩት፣ ሰካሁት፣
ጫፉን በትንፋሼ፣ በሸሚዜ ወለወልኩት።
ከስልኬ አገናኘሁት፤ ዘፈን ይሰማል፣ ግራውም ቀኙም ደህና፤
ታዲያ ምን ቆረጠው? አጫወትኩት፣ ያንኑ ቁራጭ፣ እንደገና።

ትራኩ ታፍኖ ይሆን? አልታፈነም።
ድምፁን ቀንሼው? ጣሪያ ነክቷል፣ የቀረው የለም።
ሌላው ትራክ «እኔን ብቻ ስሙ» ብሎ ይህን ከድኖት? አይደለም።
ሶፍትዌሩን ዘግቼ ከፈትኩት፤ ላፕቶፑንም አጠፋሁት፣
እስኪነሳ ድረስ አገጬን ደግፌ፣ እንደ ፈተና ውጤት ጠበቅሁት።

ቁራጩ አርባ ሰከንድ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ወደብ ዳር፣ ሳይታመም የቀረፅኩት፤
ድምፅ ቢጠፋ ምን ቸገረኝ፣ ከከንፈሩ ላይ አነበብኩት፦
«ጀልባዋን ማዕበል አልወሰዳትም። እኔ ነኝ የሸጥኳት፣
ለማይሠራ ሞተር የገባሁትን ዕዳ ልከፍልባት።
ለዙልሚራ ግን ገመዱ ተበጠሰ አልኳት።»
ከዚያ ይስቃል፣ ወዲያው ያፍራል፣ ኮፍያውን ያነሳል።
ለእናቴ አልነገራትም። ልቁረጠው? ልተወው?
ከቀብሩ ወዲህ፣ ኤዲት ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር፣ ልቤ ያመነታል።

አጫወትኩት። አቆምኩት። አጫወትኩት። ስምንት ጊዜ፣ ዘጠኝ፤
በአስረኛው ንዴቱ እንባ አፋፍ አደረሰኝ።

በአስራ አንደኛው፣ ከምርጫዎች ሆድ ውስጥ፣ ከሦስት ዝርዝር ስር፣
አንዲት ደቃቃ መስመር፦
«ድምፅ መውጫ፦ ኩሽና»።

ኩሽና!
ባለፈው እሁድ ለእናቴ የገዛሁላት፣
ዜናና የአየር ጠባይ ትስማበት ብዬ ከዳቦው ሳጥን ጎን ያስቀመጥኩላት
ያቺ ጭልፋ የማታህል ስፒከር።

ማሽኑ አልዋሸም። ድምፁ ወጥቷል፣ ሙሉውን፣ ጥርት ብሎ፣
እኔ ፎቅ ላይ ጆሮዬን ደፍኜ ስንገላታ፣ እሱ ሌላ ቤት ውሎ።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ?
አስራ አንድ ጊዜ ወጣ።

ወረድኩ።
ጎመኑ ግማሹ ተከትፏል። ቢላው ቆሟል።
«ለምን አቆምሽው?» አለችኝ።
«እማዬ፣ እኔ እኮ...»
«አይቻታለሁ» አለች፣ «ቬላስ ወደብ፣ አረንጓዴ ተቀብታ፣
ከቀለሙ ስር ስሜ አብጦ ይታያል፣ ልክ እንደ ጠባሳ ቦታ።
ደግሞስ ገመዱ ተበጠሰ ሲለኝ! ገመዱን የገዛሁት እኔ ነኝ፣
ያ ገመድ አይበጠስም፤ ያኔውኑ ነው የገባኝ።
ሰላሳ አራት ዓመት፣ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት፣ መልሶ ሲዘጋው አየሁ፣
እኔም ማወቄን ሳልነግረው ቀበርኩት።» ቢላውን አነሳች፣ አስቀመጠች። «ይሁን። ሰማሁ።»

ተመልሼ ወጣሁ። «ማዳመጫ» የሚለው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፤ አንድ ጠቅታ
ነበር የቀረኝ። ተውኩት ለዛሬ ማታ።
«ኩሽና» እንዳለ ትቼ ተጫንኩት፣ ለአስራ ሁለተኛ ጊዜ።
አባቴ ያለ ድምፅ ተናገረ፣
አረንጓዴው መስመር ጨፈረ፣
በወለሉ እንጨት በኩል ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት አንድ ነገር ተሰማ፣
ከዚያ ቢላው ጎመኑን መክተፍ ጀመረ።